የምላስ ዕዳ

አንድ ሰው በሐሰት ምስክር ቤቱን ቢነጠቅ ሕጋችን አስቦለታል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 6፣ ፍርዱ ካለቀ በኋላ ምስክሩ መዋሸቱን፣ ሰነዱ መጭበርበሩን ወይም ጉቦ መበላቱን የደረሰበት ተከራካሪ ሁኔታዎቹን አሟልቶ ወደ ፈረደው ችሎት ተመልሶ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይለት እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። በሐሰት ምስክር ዕድሜውን የተነጠቀውስ? ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንዲህ ያለ አንቀጽ አላስቀመጠለትም። ይግባኙን ጨርሶ፣ ሰበር ደርሶ ለተመለሰ ፍርደኛ የሚታየው ደጅ የይቅርታ ደጅ ነው። ይቅርታ ደግሞ የሚጠይቀው ያጠፋ ነው። ንጹሕ ሰው ምን አጠፋሁ ብሎ ይጠይቅ?

ለቤት የተከፈተው በር ለሰውም እንዲከፈት ተሰባስበናል።

ከመካከላችን ስንቅ በፌስታል ቋጥረን በማረሚያ ቤት በር ለዓመታት የተሰለፍን አለን። ባልሠራነው ታስረን የወጣን፣ ወጥተንም "እሳት በሌለበት ጭስ አይኖርም" የሚል ሹክሹክታ እስከ ልጆቻችን ትምህርት ቤት የተከተለን አለን። ተከራክረው የተረቱ ጠበቆች፣ የፈረዱት ፍርድ እንቅልፍ የነሳቸው ዳኞች አብረውን ናቸው። በእውነት ተደፍረው፣ እውነቱን ተናግረው የሚያምናቸው ያጡ ሴቶችም አሉ፤ ከፊት የቆሙት እንዲያውም እነሱ ናቸው። እያንዳንዱ የሐሰት ክስ ከሁሉ አስቀድሞ የእነሱን ቃል እንደሚያረክስ ያውቃሉና።

የምንለው አንድ ነገር ነው። በሐሰት የሚመሰክር ሰው የሚሰርቀው ዕድሜ ነው፤ ቅጣቱም በሰረቀው ዕድሜ ይለካ።

የወንጀል ሕጋችን ይህን ጥፋት አልዘነጋውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ንጹሕነቱን እያወቁ ሰውን መወንጀልን በቁጥር 447፣ በሐሰት መመስከርን በቁጥር 453 ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ተከሳሹ በነጻ ሲሰናበት መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ይመለሳል። ምስክሩን ማን አስጠናው? ስንት ተከፈለው? በምን አስፈራሩት? ያን ቀን በችሎቱ ውስጥ ይህን የመጠየቅ ግዴታ ያለበት ሰው የለም። ዐቃቤ ሕግ ትናንት "ይታመንልኝ" ብሎ ያቆመውን ምስክር ዛሬ "ሐሰተኛ ነው" ብሎ ሲከስ በራሱ ላይ የመሰከረ ይመስለዋል። በራሱ ላይ የሚያስመሰክር ሥራ ሰጥተነው አልሠራም ብለን መውቀስ ከንቱ ነው። ስለዚህ ሥራው ከእጁ ይውጣ። የሐሰት ምስክርነትን የሚመረምር፣ ክሱን ካቀረበው ክፍል ጋር አለቃም ደመወዝም የማይጋራ አካል ይቋቋም። ዳኛም "ይህ ምስክር አልታመነም" ብሎ ብቻ አይለፍ። አለመታመኑ ከመርሳት ነው ወይስ ከማወቅ? ሁለተኛው ከመሰለው መዝገቡን ወደዚያ አካል ይምራ።

አገራችን ይህን የምላስ ዕዳ አሳምራ ታውቀዋለች። ድሮ ሌባ ሻይ ነበር። ንብረት ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ከሳሹም ምስክሩም የሰከረ ልጅ ነበር።

በደርግ ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን የሰከረው አገሩ ነው። በቀበሌ አዳራሽ ሕዝብ ተሰብስቦ "አጋልጥ!" ይባላል፤ ጣት የተቀሰረበት ይወሰዳል። የቤት ኪራይ ጭቅጭቅ፣ የአጥር ጠብ፣ እምቢ የተባለ ፍቅር፣ ያደረ ቂም፣ ሁሉም "አናርኪስት" በምትል አንዲት ቃል ተጠቅልሎ ቀረበ። ያለ ፍርድ የሚገድለው "ነጻ እርምጃ" ደግሞ ይግባኝ አልነበረውም። ከዓመታት በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቁሞ የደርግ ባለሥልጣናት ተከሰሱ፤ በ1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ውሳኔ ተሰጠ። ያ ፍርድ ትልቅ ነገር ነው፤ አናሳንሰውም። የሰፈሩ ጠቋሚስ? ስንቱ ጠቋሚ ከሟች እናት ጋር በአንድ ዕድር ተቀምጦ፣ በአንድ ድንኳን ንፍሮ ዘግኖ አረጀ? እናቲቱ ታውቃለች፤ እሱም ማወቋን ያውቃል። ፍርድ ያላገኘ ጥቆማ በዚህ መልክ ነው ሰፈር ውስጥ የሚኖረው፤ ለልጅ ልጅም የሚተርፈው።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ በዝርዝር እንናገር፤ ጥያቄያችን ሁሉ እዚያ ውስጥ አለና። በአሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ቱሊያ የምትባል አምስት ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1999 አንድ ማለዳ ፖሊስ ቤት ለቤት ዞሮ በአደንዛዥ ዕፅ ሽያጭ የተከሰሱ ሰዎችን መልቀም ጀመረ። የተከሰሱት 46 ናቸው፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች። በሁሉም ላይ የቀረበው ምስክር አንድ ሰው ነው፤ ቶም ኮልማን የተባለ ስውር ፖሊስ። የድምፅ ቅጂ የለም። የምስል ቅጂ የለም። አብሮት ያየ ሌላ ፖሊስ የለም። ማስታወሻ ስጠን ሲሉት አንዳንዱን እግሬ ላይ ነበር የጻፍኩት አለ። ያም ሆኖ ፈራጆቹ አመኑት። ዕድሜው የገፋ አንድ አሳማ አርቢ 90 ዓመት ተፈረደበት። የመጀመሪያዎቹ ፍርዶች የከበዱ መሆናቸውን ያዩት ሌሎቹ ደንግጠው፣ ያልሠሩትን "ሠርተናል" እያሉ ፈረሙ። ኮልማን በግዛቲቱ የዓመቱ ምርጥ የሕግ አስከባሪ ተብሎ ተሸለመ። አንዲት ተከሳሽ ግን "ሸጠችልኝ" ባለበት ቀን በሌላ ግዛት ባንክ ውስጥ እንደነበረች የሚያሳይ ወረቀት አገኘች፤ ውሸቱ በአንዲት የባንክ ደረሰኝ ተተረተረ። እ.ኤ.አ. በ2003 አገረ ገዥው ለ35ቱ ምሕረት ሰጠ።

ኮልማንስ? እ.ኤ.አ. በ2005 በሐሰት ምስክርነት ጥፋተኛ ተባለ። ጥፋተኛ የተባለውም ሰዎቹን ስለወነጀለበት ቃል አይደለም። በኋላ በተደረገው የማጣሪያ ችሎት ስለ ራሱ የቀድሞ ክስ በዋሸው ነው። ቅጣቱ የ10 ዓመት ገደብ ሆነ፤ ለአንድ ቀን እንኳ ወህኒ አልተላከም። 90 ዓመት የተፈረደበት ሽማግሌ በአንድ ወገን፣ ቤቱ የሚያድረው መስካሪ በሌላ ወገን። ይህን ሚዛን ነው የማንቀበለው።

በዚያው ግዛት ማይክል ሞርተን የተባለ ሰው ሚስቱን ገድሏል ተብሎ ታስሮ 25 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ንጹሕነቱ ተረጋግጦ ተፈታ። ለእሱ የሚጠቅም ማስረጃ የደበቀው ዐቃቤ ሕግ የተፈረደበት የ10 ቀን እስራት ነው። ስለዚህ "ከሳሽ" ስንል ጎረቤትን ብቻ አይደለም፤ ምስክር የሚያስጠና መርማሪ፣ የሚያነጻ ማስረጃ በመሳቢያው የሚቆልፍ ሹምም ይገኝበታል። እንዲያውም የሹሙ ይከብዳል፤ በመንግሥት ማኅተም ዋሽቷልና።

ሚዛናችንን ከሩቅ አላመጣነውም። ኦሪት ዘዳግም ሐሰተኛ ምስክር በወንድሙ ላይ ሊያደርስ ያሰበው በራሱ ላይ እንዲደርስ ያዛል። ቁርኣን በሱረቱ ኑር ጨዋ ሴትን አራት ምስክር ሳያቀርብ በዝሙት የወነጀለ ሰው ሰማንያ ግርፋት እንዲቀጣ፣ ምስክርነቱም ከእንግዲህ ተቀባይነት እንዲያጣ ይደነግጋል። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ሶስናን ያውቃል። በሐሰት መስክረው ሞት ያስፈረዱባትን ሁለት ሽማግሌዎች ዳንኤል ለያይቶ "ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃት?" አላቸው፤ አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፣ ሌላው ሌላ። ከዚህ ታሪክ የምንወስደው የሽማግሌዎቹን ሞት አይደለም፤ ዳንኤል መጀመሪያ ጠየቀ የሚለውን ነው። ደም አንጠይቅም። ጅራፍም አንጠይቅም። የምንጠይቀው ልክ ነው፦ ውሸቱ ሰውን ጣቢያ አሳድሮ እንደሆነ በዚያው ልክ፣ አሥር ዓመት አስፈርዶ እንደሆነም በዚያው ልክ፤ ካሣውም ከዋሸው ሰው ንብረት ይጀምር፣ የጎደለውን መንግሥት ይሙላ። በችግር ተይዞ በጥቂት ብር ቃሉን የሸጠና ብሩን የቆጠረለት ባለጸጋ ደግሞ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም፤ ገዢው ይብሳል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ራሳችንን እንቆጣጠር። ይህ ጥያቄ በክፉ እጅ ከወደቀ የተበዳይን አፍ የሚዘጋ ዱላ ይሆናል። ተከሳሽ በነጻ ተሰናበተ ማለት ከሳሽ ዋሸ ማለት አይደለም፤ ማስረጃው አልበቃም ማለት ነው። የተደፈረች ሴት ክሷ ስላልተረጋገጠ ብቻ ተከሳሽ ሆና የምትቆምበት ቀን ከመጣ፣ ያን ቀን ይህን እንቅስቃሴ በተቃውሞ የምንሞግተው እኛው ራሳችን ነን። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሽ ሁሉ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው፤ በሐሰት መሰከረ ተብሎ የተከሰሰም ሰው ተከሳሽ ነው። እያወቀ መዋሸቱ ከጥርጣሬ በላይ ይረጋገጥ፤ ካልሆነ ይሰናበት።

በቅንነት የሳተም አይነካም። ጄኒፈር ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1984 በኖርዝ ካሮላይና ተደፈረች፤ ሮናልድ ኮተን የተባለውን ሰው "እሱ ነው" ብላ ለየችው፤ አምናም ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ከታሰረ በኋላ የዲኤንኤ ምርመራ ሌላ ሰው መሆኑን አሳየ። እሷ አልዋሸችም፤ ዓይኗ ነው የዋሻት። ይቅርታ ጠየቀችው፣ ይቅር አላት፤ ኋላም ሁለቱ አብረው መጽሐፍ ጻፉ፣ አብረው እየዞሩ ስለ ምስክር ስህተት አስተማሩ። እንዲህ ያለች ሴት ብትቀጣ ኖሮ ያ ሁሉ ትምህርት ይቀር ነበር።

ከሁሉ የከበደን፣ ብዙ ሌሊት ያከራከረን ግን የሚጸጸተው ውሸታም ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 በአላባማ፣ ስኮትስቦሮ፣ ዘጠኝ ጥቁር ልጆች በባቡር ላይ ሁለት ነጭ ሴቶችን ደፍረዋል ተብለው ተከሰሱ፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ በስምንቱ ላይ ሞት ተፈረደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሴቶቹ አንዷ ሩቢ ቤትስ ችሎት ቀርባ "አልነኩንም" አለች። ፈራጆቹ አልሰሟትም፤ በዚያ ችሎት ይዳኝ የነበረውን ልጅ እንደገና ጥፋተኛ አሉት። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ከሞቱ በኋላ ስማቸው የነጻው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እንግዲህ አስቡ፦ ለሐሰተኛ ምስክር ሃያ ዓመት የሚያሳስር ሕግ ብናወጣ፣ ሌሊት ሌሊት ሕሊናው የሚቀሰቅሰው ሰው "ዋሽቻለሁ" ብሎ የሚመጣው እንዴት ነው? ቅጣቱን አክብደን ንጹሑን እዚያው ወህኒ እናስቀረዋለን።

ስለዚህ ከሚዛኑ ጎን አንድ በር ይከፈት። ንጹሑ ገና ታስሮ ሳለ፣ ማንም ሳይደርስበት፣ በራሱ እግር መጥቶ እውነቱን የተናገረ ሰው ቅጣቱ በእጅጉ ይቅለልለት፤ ያስፈራሩትን ወይም የገዙትን ስም ከሰጠም ይበልጥ ይቅለልለት። ከመካከላችን በሐሰት ተመስክሮባቸው ዓመታት የታሰሩ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር። አንደኛው ግን እንዲህ አለ፦ "የእኔ መስካሪ በሦስተኛው ዓመት ቢመጣ ኖሮ የሚቀጣው ቅጣት አያሳስበኝም ነበር፤ እኔ እናቴን በሕይወት አገኛት ነበር።" ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም።

ስለ ባሕር ማዶ እህቶቻችንም ዝም አንልም። በገልፍ አገሮች ደመወዟን የጠየቀች፣ በደሉን ሸሽታ የወጣች የቤት ሠራተኛ ላይ "ወርቅ ሰርቃለች" የሚል ክስ እንደሚነሣ፣ በሳዑዲም ጠፋች ብሎ የሚያስመዘግብ አሠሪ "ሁሩብ" በምትባል በዚያች አንዲት ምዝገባ ልጅቱን ሕገወጥ እንደሚያደርጋት ከዚያ የተመለሰ ሁሉ ያውቃል። ኤምባሲዎቻችን ለእያንዳንዷ ቋንቋዋን የሚያውቅ አስተርጓሚና ጠበቃ ያቁሙ፤ የሐሰት ክስ ያቀረበ አሠሪም ሌላ ሠራተኛ ከአገራችን እንዳይወስድ ስሙ ይያዝ።

አሁን የምንሠራው ይህ ነው። ፍርደኛ ያገኘው አዲስ ማስረጃ የሚታይበት፣ በጊዜ ገደብ የማይዘጋ አንቀጽ በወንጀል ሥነ ሥርዓት ውስጥ በግልጽ እንዲጻፍ እንጠይቃለን። በየሕግ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር በአንድ ምስክር ብቻ የተፈረደባቸውን የቆዩ መዝገቦች ያንብቡ። ጎረቤት ከጎረቤት ለያይተው፣ እንደ ዳንኤል፣ ስለ ዛፉ ይጠይቁ።

ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ሰው ደግሞ ሲፈታ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ብቻ ተሰጥቶት በማረሚያ ቤቱ በር አይሸኝ። ወረቀቱን ለማን ያሳያል? ሲታሰር የሰማው መንደር ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ የላከው ሰው፣ ንጹሑ በተወነጀለበት ቀበሌ፣ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ወይም ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ቆሞ የሰውየውን ስም ከነአባቱ ይጥራ፤ አልሠራም ይበል፤ ያልሠራውንም ስንት ዓመት እንደታሰረበት ቆጥሮ ይናገር።