የባኩው ፍንዳታና የጎማ ተራው "ሙላልኝ"

የኳስ ወዳጆች የንፋስ ነገር አይጠፋችሁም። የእግር ኳስ ሕግ ቁጥር 2 ኳሷ በባህር ጠለል ላይ ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ግፊት እንዲኖራት ያዛል። ለኳስ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ሰው ጭኖ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ለሚከንፍ ጎማስ? መርካቶ ጎማ ተራ በሺዎች ብር ጎማ ገዝቶ፣ ጎሚስታው ፊት ቆሞ "ሙላልኝ" ብቻ ብሎ የሚሄድ ሞልቷል። ስንት ይሞላ? "አንተ ታውቃለህ!"

ነገሩ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁን 2021 በባኩው የፎርሙላ ዋን ውድድር ማክስ ቨርስታፐን እየመራ፣ ጥቂት ዙር ሲቀረው የግራ የኋላ ጎማው ፈንድቶ ከግንብ ጋር ተላተመ። ቀደም ሲል ላንስ ስትሮልም ያው ዕጣ ደርሶት ነበር። አምራቹ ፒሬሊ መርምሮ ጎማዎቹ በውስጠኛው ጎናቸው እንደተበጠሱ፣ ምክንያቱም የፋብሪካ ጉድለት ሳይሆን ጎማው የሠራበት ሁኔታ እንደሆነ ተናገረ። የውድድሩ የበላይ አካል ፊያም የንፋስ ቁጥጥሩን አጠበቀ።

ለምን ቢሉ፣ ንፋሱ ቀነስ ያለ ጎማ አስፋልቱን ሰፋ አድርጎ ይረግጣል፤ ኩርባ ላይ ይይዛል። ቡድኖቹ የሚጓጉት ለዚህ ነው። ሲበዛ ግን ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፤ መጨረሻው መፈንዳት ነው። ፒሬሊ "ከዚህ በታች አትውረዱ" የሚለውም ለዚሁ ነው። ከልክ በላይ የተነፋው ደግሞ በመሀሉ ብቻ ይረግጣል፤ ዝናብ ላይ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል። ፍጥነት ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

ወደ እኛው እንምጣ። በ2014 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች አዳማም ሲካሄዱ የአዲስ አበባ ደጋፊ ክለቡን ለማየት በፈጣኑ መንገድ ይወርድ ነበር። አምስት ሰው በአንድ ቪትዝ፣ ሙሉ ፍጥነት፣ ሙቀት! እዚህ ላይ "ቆላ ስለሆነ ንፋስ ቀንስ" የሚል ምክር ይሰማል። ስህተት ነው። ከአዲስ አበባ ከፍታ ወደ አዳማ ሲወረድ የውጪው አየር ስለሚከብድ መለኪያው 1 ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ይላል፤ ሙቀቱ ደግሞ በየ10 ዲግሪው ከ1 በላይ ይጨምራል። አንዱ ሌላውን ያካክሳል። የጋለ ጎማ ካስተነፈሱ ሲቀዘቅዝ ከልክ በታች ይሆናል፤ የባኩውን መንገድ የሚጀምረውም እንዲህ ያለው ነው።

እንግዲህ መላው ቀላል ነው። ጠዋት መኪናው ሳይነዳ ይለካ። ቁጥሩ በሹፌሩ በር ፍሬም ላይ ተለጥፏል፤ 220 ኪሎ ፓስካል ካለ 32 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ግን የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የሚሞላው ልክ አይደለም። ለሙሉ ጭነት የተለየ ቁጥር ከተጻፈ እሱን መያዝ ነው። ጎማ ሲገዛም ዶት ከሚለው ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻ አራት አሃዞች ይታዩ፤ 2219 ማለት በ2019 በ22ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር።

ያረጀ ጎማ መርካቶ ውስጥ ክብር አያጣም፤ በረባሶ ሆኖ ብዙ ዓመት ይረገጣል። በፈጣኑ መንገድ ላይ ግን ቦታ የለውም።