በአል-ኸዋሪዝሚ መኩራት ብቻውን አይበቃንም



«አልጀብራን ለዓለም ያስተማረው ሙስሊም ነው» የሚል ፖስት ስናይ ሼር ለማድረግ ማናችንም አንዘገይም። ደስም ይለናል። ኳድራቲክ ፋክተር አድርጉ ስንባል ግን «ሲባዙ ይህን፣ ሲደመሩ ያንን የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች ፈልግ» የምትለዋን ሸምድደን ፈተና እናልፋለን። ለምን እንደሚሠራ ጠይቀን አናውቅም።

ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን ባግዳድ ላይ በጻፈው ኪታብ ያነሳትን ጥያቄ እንውሰድ። የአንድ ቁጥር ስኩዌርና የዚያው ቁጥር 10 እጥፍ ሲደመሩ 39 ናቸው፤ ቁጥሩ ስንት ነው? አሠራሩን በቃላት ካስረዳ በኋላ ሥዕል ሣለ። ጎኑ ያልታወቀ ካሬ አለ። 10ሩን ለሁለት ከፍሎ በካሬው ሁለት ጎኖች ላይ ስፋታቸው 5 የሆኑ ሁለት ሬክታንግሎች ለጠፈ። ይህ ሁሉ 39 ነው። ጥጉ ላይ ግን 5 በ5፣ ማለትም 25 የሆነ ክፍት ቦታ ቀረ። እሱ ሲሞላ 64 የሆነ ሙሉ ካሬ ይወጣል፤ ጎኑ 8 ነው። ከ8 ላይ 5 ሲነሳ 3 ይቀራል። እስኪ ወረቀት ይዘን እንሣለው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን በክፍል እንደተማርነው እንሥራው። 39ን ወደ ግራ ስናዞር ተባዝተው −39፣ ተደምረው 10 የሚሰጡት 13 እና −3 ናቸው። ስለዚህ (ኤክስ + 13)(ኤክስ − 3) = 0። ሁለት ነገሮች ተባዝተው ዜሮ ከሰጡ አንዳቸው የግድ ዜሮ ናቸው፤ የፋክተሪንግ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። መልሱ 3 ወይም −13። አል-ኸዋሪዝሚ −13ን አልጻፈም፣ ጎኑ ከዜሮ በታች የሆነ ካሬ አይሣልምና። (እውነቱን እንናገር ካልን «ኤክስ» የምትባለው ምልክትም የእሱ አይደለችም። ሼር ስናደርግ ይህችንም ብንጨምር ደግ ነው።)

የኪታቡ ሰፊ ክፍል ደግሞ ስለ ኑዛዜና ውርስ ክፍፍል ነው። እኛ ዘንድ ግን ቂርኣትና የትምህርት ቤት ሒሳብ የማይተዋወቁ ጎረቤቶች ሆነዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 ከመቶ ገደማ ብቻ እንደነበር አንርሳ። ከእነዚያ ከወደቁት ውስጥ የኛም ታናናሾች አሉበት።

በየሰፈራችን ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወንድሞችና እህቶች አሉን። በዚህ ክረምት ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰሌዳ፣ ጥቂት ጠመኔ። ኢንሻአላህ ከዚህችው ካሬ ብንጀምርስ?