ማውስዎ እጅዎን ይታዘዝ



ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ማውስ ይዘው ውለው ለሚያመሹ ሁሉ ነው። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማውሱን አክስለሬሽን አጥፍተው አንድ ሳምንት ይሥሩበት። ከዚያ በኋላ መልሰው ቢያበሩት ቅር አይለኝም። ሳይሞክሩት እንዲቀሩ ግን አልፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማውስ ለኮምፒውተሩ የሚልከው ቁጥር ነው፤ ወደ ቀኝ ይህን ያህል፣ ወደ ላይ ይህን ያህል ሄድኩ ይላል። 800 ዲፒአይ የሆነ ማውስ አንድ ኢንች፣ ማለትም ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ሲገፋ 800 ይቆጥራል። አክስለሬሽኑ ከጠፋና የፍጥነቱ መቆጣጠሪያ መሃል ላይ ከሆነ ቀስቱ ስክሪኑ ላይ 800 ፒክስል ይጓዛል። ቀስ ብለው ቢገፉትም፣ ፈጥነው ቢገፉትም ያው 800 ነው። አክስለሬሽኑ ሲበራ ግን ሲስተሙ ርቀቱን ብቻ ሳይሆን የእጅዎን ፍጥነትም ይለካል። ዝግ ሲሉ ቀስቱን ያዝ ያደርገዋል፤ ሲፈጥኑ ደግሞ እጅዎ ከሄደው አርቆ ይወረውረዋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ርቀት የገፋ እጅ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይደርሳል።

ይህን ያሰቡት ሰዎች ያለ ምክንያት አላደረጉትም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኤክስ11 የተባለው የስክሪን ማሳያ ሲስተም እንኳ ይህ ነገር ነበረው፤ በተለመደው አሠራሩ እንቅስቃሴው ከ4 ፒክስል ሲያልፍ በ2 ይባዛ ነበር። ዛሬ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ዴስክቶፖች ሥራውን የያዘው ሊብኢንፑት የተባለ ሶፍትዌር ነው፤ ስሌቱም ከዚያ ይበልጥ የረቀቀ ነው። ዓላማው ግን አልተለወጠም። ጠባብ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሰው ሰፊ ስክሪን ለማቋረጥ ማውሱን ደጋግሞ እንዳያነሣ፣ ትንሽ ነገር ላይ ሲያነጣጥርም ቀስቱ እንዲረጋለት ነው። ጥናትም ይደግፈዋል። ዤሪ ካዚዬና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሙከራ፣ በመደበኛ የዴስክቶፕ ስክሪን ላይ አክስለሬሽን ያለው ቀስት ከሌለው በአጠቃላይ 3.3 በመቶ፣ በትንንሽ ዒላማዎች ላይ ደግሞ እስከ 5.6 በመቶ ፈጥኖ ተገኝቷል። ይህን ሳልነግርዎ አጥፉት ብል ሐቀኛ አልሆንም።

ታዲያ ለምን አጥፉት እላለሁ? እንዲህ ያለ ሙከራ የሚለካው አንድ ሰው ዒላማውን ዓይቶ ቀስቱን እዚያ ለማድረስ የፈጀበትን ጊዜ ነው። በዚህ ውስጥ ዓይን ትልቅ ድርሻ አለው፤ ቀስቱ ሲያልፍ ወይም ሲያንስ እያየ ያርማል። እኔ የምከራከርለት ሥራ ሌላ ነው። ሎጎ የሚስል ዲዛይነር፣ ካርታ ላይ ወሰን የሚያሰምር ባለሙያ፣ የሕንፃ ፕላን የሚያወጣ አርክቴክት፣ በጨዋታ ውስጥ በቅጽበት መዞር ያለበት ወጣት፣ ሁሉም አንዱን እንቅስቃሴ ሺህ ጊዜ የሚደጋግሙ ናቸው። ማሲንቆ ተጫዋች በአንዷ ጭራ ላይ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ በዓይኑ አይፈልግም፤ እጁ ያውቀዋል። ሲፈጥን የምታጥር፣ ሲዘገይ የምትረዝም ጭራ ቢሰጡት ግን የዓመታት ልምዱ ምን ይጠቅመዋል? እጅ ርቀትን የሚማረው ርቀቱ ሳይለዋወጥ ሲጠብቀው ነው።

ቃሌን ብቻ አይመኑ፤ በራስዎ ኮምፒውተር ይፈትኑት። ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ በጥቂት ሴንቲ ሜትር አራርቀው ያቁሙ፤ ማውሱንም በመካከላቸው ከግራው አስጠግተው ያስቀምጡ። ማውሱን አንሥተው እያስተካከሉ ቀስቱን ከስክሪኑ መሃል አካባቢ በሚታይ ምልክት ላይ ያድርጉት። አሁን ማውሱን እጅግ ቀስ ብለው ወደ ቀኙ መጽሐፍ ይግፉት፤ ከዚያ በፍጥነት ወደ ግራው ይመልሱት። እጅዎ ወደ ተነሣበት ቦታ ተመልሷል። አክስለሬሽን ካለ ቀስቱን ከምልክቱ አልፎ ወደ ግራ ርቆ ያገኙታል። ካጠፉት በኋላ ሲደግሙት ግን ቀስቱም ከእጅዎ ጋር ወደ ምልክቱ ወይም አጠገቡ ይመለሳል።

ማጥፋቱ ቀላል ነው። ኡቡንቱና ፌዶራ ላይ ባለው የግኖም ዴስክቶፕ ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው «ማውስ ኤንድ ታችፓድ» የሚለውን ይክፈቱ፤ በአዳዲሶቹ ቅጂዎች «ማውስ አክስለሬሽን» የሚል ማብሪያ ማጥፊያ ያገኛሉ። ኬዲኢ ፕላዝማ የሚጠቀሙ ከሆነ በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ የማውሱን ገጽ ይክፈቱ፤ እንደ ቅጂው ወይ የአክስለሬሽኑን ምልክት ያነሣሉ፣ ወይ «ፍላት» የሚለውን ይመርጣሉ። ከዚህም በላይ መሄድ ለሚፈልግ ሊብኢንፑት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ተጠቃሚው የራሱን ስሌት እንዲያወጣ መንገድ ከፍቷል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ብዙ የቆዩ መመሪያዎች በተርሚናል የሚጻፉ የኤክስ11 ትእዛዞችን ይሰጣሉ። ፌዶራ እ.ኤ.አ. ከ2016፣ ኡቡንቱ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ በመደበኛነት የሚነሡት ዌይላንድ በተባለው የኤክስ11 ተተኪ ነው፤ እዚያ የማውሱን ጠባይ የሚወስነው ዴስክቶፑ ራሱ ስለሆነ እነዚያ ትእዛዞች አይሠሩም። በኤክስ11 ላይም ቢሆን በተርሚናል የተሰጠው ትእዛዝ ማውሱ ተነቅሎ ሲሰካ ይጠፋል። ከሴቲንግስ ገጹ ይጀምሩ።

ካጠፉት በኋላ ቀስቱ የከበደ ሊመስልዎ ይችላል። ተስፋ አይቁረጡ፤ ፍጥነቱን ያስተካክሉ። 1920 ፒክስል ስፋት ያለውን ስክሪን በ800 ዲፒአይ ማውስ ለማቋረጥ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ያ ከበዛብዎ የፍጥነቱን መቆጣጠሪያ ከፍ ያድርጉት፤ ወይም ማውስዎ የዲፒአይ ቁልፍ ካለው በእሱ ይጨምሩ። አንዴ ከተስማማዎ ግን አይነካኩት፤ እጅዎ የሚለምደው ሲረጋለት ነው።

ለሁሉም ይሆናል አልልም። ታችፓድ ትንሽ ስለሆነ አክስለሬሽን ያስፈልገዋል፤ የግኖም ማብሪያ ማጥፊያም ማውሱን እንጂ ታችፓዱን አይነካም። የእጅ አንጓቸው የሚያማቸው፣ ማውስ ማንቀሳቀሻ ቦታቸው የጠበበባቸው፣ ቀኑን ሙሉ ከሰነድ ወደ ሰነድ የሚዘዋወሩ ሰዎችም እንደበራ ቢተዉት ትክክል ናቸው።

ይህን ያህል የምጽፈው ጉዳዩ ከማውስም ስለሚያልፍ ነው። ክፍት ሶፍትዌር ሲባል ብዙዎቻችን ኮድ ማንበብ ለሚችሉ ሰዎች ብቻ የተሰጠ ነፃነት ይመስለናል። እርስዎም በዚህ ነፃነት ውስጥ ድርሻ አለዎት። ሲስተሙ ሲጫን ይዞት የመጣው እያንዳንዱ ምርጫ ሰዎች ለማያውቁት ተጠቃሚ ገምተው ያስቀመጡት ነው። ግኖም አክስለሬሽኑን ለአብዛኞቹ ተጠቃሚዎች ይመክራል፤ ማጥፊያውን ግን ከፊት ለፊት አኑሮታል። እጅዎን ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለምና ፍርዱም የእርስዎ ነው።

ዛሬ ሥራ ሲጨርሱ ያጥፉት፤ ነገ ጠዋት በአዲሱ ይጀምሩ። ሳምንቱ ሲያልቅ በእጅዎ ፈርደው ይወስኑ። ከጠቀመዎ ደግሞ አጠገብዎ ለሚሠራው ሰው ያሳዩት።