የመኪናን ዋጋ የሚፍቀው የመወልወያ ጨርቅ

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ ገዢው የሞተሩን ድምፅ ከማዳመጡ በፊት መኪናውን ዙሮ ያያል። ደላላውም ከሁሉ አስቀድሞ «ቀለሙ የፋብሪካ ነው፤ አልተነካም» ይላል። ያልተቀባ መኪና ያልተጋጨ መኪና ነው ተብሎ ስለሚገመት ይህች ቃል ዋጋ አላት። እንደገና የተቀባ ከሆነ ግን ገዢው ከቀለሙ ሥር ምን እንደተደበቀ መጠርጠር ይጀምራል፤ ዋጋውም በጥርጣሬው መጠን ይወርዳል። ስለሆነም የፋብሪካ ቀለም የዓይን ጌጥ ብቻ ሳይሆን በገንዘብ የሚተመን ንብረት ነው።

ይህ ንብረት ታዲያ በየሳምንቱ፣ ባለቤቱ ቆሞ እያየና የእጥበቱን ሒሳብም እየከፈለ፣ ይፋቃል። የሚፍቀውም መኪናው ከታጠበ በኋላ የሚደርቅበት ጨርቅ ነው።

ጉዳዩን ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ የሚያከብዱት ምክንያቶች አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ ከውጭ የሚገዛ ቀለምና ክሊር በብር ሲሰላ ተወደደ። እንግዲህ በአገር ውስጥ ያለው ባለነዳጅ መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ለዓመታት የሚቆይ ሀብት ሆኗል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛውም ከዚህ አያመልጥም፤ ሞተሩ ቢለይ እንጂ ቀለሙ ያው ቀለም ነው።

በዛሬዎቹ መኪኖች ላይ ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል፣ መስታወት የመሰለ ሽፋን ይቀባል። ውፍረቱ በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። አንድ ተራ የቢሮ ወረቀት 100 ማይክሮን ያህል ውፍረት ስላለው፣ መኪናውን የሚያብለጨልጨው ሽፋን ቢበዛ የወረቀቱን ግማሽ ያህላል። በአንጻሩ በመንገድ አቧራና ጭቃ ውስጥ የሚገኘው ደቃቅ አሸዋ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለበት፤ ኳርትዝ ደግሞ ብርጭቆን ይጭራል። ብርጭቆን የሚጭር ድንጋይ ለክሊር እንደማይራራለት ግልጽ ነው።

ስለዚህ ዋናው ጥፋት የጨርቁ ብቻ ሳይሆን ጨርቁ የተሸከመው አሸዋ ነው። በብዙ ላቫጆዎች ያው አንድ ጨርቅ ቸርኬውን ይጠርጋል፣ የበሩን ሥር ይጠርጋል፣ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ይጨመቃል፤ ከዚያም ወደ ኮፈኑ ይወጣል። እሱ ሲያበቃ ተራ የሚጠብቀውን መኪና ይቀጥላል። ከፊተኛው አይሱዙ የወረደው ጭቃ ከኋላው ለቆመው አዲስ አውቶሞቢል ይደርሰዋል። ጭረቱ በዕለቱ ስለማይታይ ባለቤቱ አመስግኖ ይሄዳል። ከወራት በኋላ ግን ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ መስመር ይወጣል። በጥቁር መኪና ላይ ጎልቶ ይታያል፤ በነጭ ላይ ይደበቃል እንጂ ነጩም አልዳነም።

«ፖሊሽ ሲደረግ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይጠፋል። ነገር ግን ጭረት የሚያጠፋ ፖሊሽ ጉድጓዱን አይሞላም፤ በዙሪያው ያለውን ክሊር ከጉድጓዱ ጋር እኩል እስኪሆን ይፍቀዋል። በነጋዴ ቋንቋ ይህ ከትርፍ ሳይሆን ከካፒታል መክፈል ነው። በየዓመቱ እየተፋቀ የሚኖር ክሊር አንድ ቀን ያልቃል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው መኪናውን መቀባት ነው። የተቀባ መኪና ገበያ ላይ ምን እንደሚባል ደግሞ ደላሎች ያውቁታል።

ጭረትን ፈርቶ መኪናውን ፀሐይ ላይ እንዲደርቅ መተውም መፍትሔ አይደለም። ውሃው ሲተን በውስጡ ያሉት ካልሲየምና ማግኒዥየም ነጭ ነጠብጣብ ሆነው ይቀራሉ፤ ቶሎ ካልተነሱም ክሊሩን ይበሉታል። ስለዚህ ማድረቁ ግድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው አደራረቁ ላይ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። መኪናው በጥላ ሥር ይቁም። የመጨረሻው ማለቅለቂያ በግፊት መርጫ ሳይሆን አፉ ክፍት በሆነ የውሃ ጎማ፣ ከጣሪያው ጀምሮ በዝግታ ይፍሰስ፤ ውሃው ተያይዞ ስለሚወርድ የሚቀረው ጠብታ ጥቂት ይሆናል። ኮምፕሬሰር ያለው ላቫጆ በስፖኪዮ፣ በበር እጀታና በመብራት ዙሪያ የተደበቀውን ውሃ በአየር ያስወጣ። ቀሪው ወፈር ባለ ንጹሕ ማይክሮፋይበር ይነሳ። ይህ ጨርቅ እጅግ ቀጫጭን ከሆኑ የፖሊስተርና የፖሊአማይድ ክሮች የሚሠራ በመሆኑ ውሃውን ራሱ ይመጠዋል፤ የእጅ ጉልበት አይፈልግም። ዘርግቶ በመዳፍ ጫን ጫን ማድረግ፣ ወይም በአንድ አቅጣጫ በቀስታ መሳብ ይበቃል። በክብ ማሸት ግን አይገባም።

ሥራው ከጣሪያ ተጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ቸርኬና የበር ሥር መልኩ የተለየ የራሳቸው ጨርቅ ይኑራቸው። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ ወደ መኪናው አይመለስ። ጨርቆቹም ከሌላ ልብስ ተለይተው፣ ያለ ማለስለሻ ይታጠቡ፤ ማለስለሻ መምጠጣቸውን ያዳክመዋል።

የላቫጆ ባለቤቶች የሚያቀርቡት መከራከሪያ ሚዛን አለው። ደንበኛው ይቸኩላል፣ ሠራተኛውም ገቢው በሚያጥበው መኪና ብዛት ነው፣ ለተጨማሪ ጨርቅ የሚከፍል የለም ይላሉ። በእርግጥም ወጣቶቹን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይደለም። ብዙ ገንዘብ የወጣበትን መኪና ይዞ መጥቶ በእጥበቱ ጥቂት ብሮች የሚከራከረው ባለመኪናው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ያም ሆኖ በውጭ ምንዛሪ የመጣ የግፊት ማሽን ተክሎ መኪናውን ባረጀ ካናቴራ የሚያደርቅ ባለሀብት ሒሳቡን ሊመረምር ይገባል። «ለእያንዳንዱ መኪና ንጹሕ ጨርቅ» ብሎ ትንሽ ጨምሮ የሚያስከፍል ላቫጆ፣ መኪናውን እንደ ንብረት የሚያይ ደንበኛ አያጣም።

ከሁሉ ይበልጥ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ግን መኪና በመሸጫ ግቢ አቁመው ገዢ የሚጠብቁ ነጋዴዎች ናቸው። የሌሊቱን አቧራ በየጠዋቱ በደረቅ ጨርቅ ማስጠረግ የተለመደ ነው። አሸዋውን የሚያንሳፍፍ ውሃ ስለሌለ ከሁሉም የከፋው ጭረት ይህ ነው። ገዢ ያጣ መኪና በቆመበት ቀን ሁሉ በገዛ ባለቤቱ ትእዛዝ ይፋቃል። አቧራውን መጀመሪያ በውሃ ማውረድ ወይም እስኪታጠብ መተው ከዚህ ይሻላል።

ባለመኪናውም ሌላውን እስኪያርም መጠበቅ የለበትም። ሁለት ማይክሮፋይበር ጨርቅ ገዝቶ በመኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ታንክ አንድ ጊዜ ከሚሞላበት ነዳጅ እጅግ ያነሰ ወጪ ነው። ያን ያላደረገ ቢያንስ ሠራተኛው ወደ ኮፈኑ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «ይህ ጨርቅ ቅድም ምን ሲጠርግ ነበር?»