ዘፋኙ ካውቦይ የማን ወገን ነው?

ባለፈው ሰሞን ማታ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ጓደኛችን፣ «በአሜሪካ ፊልም በፈረስ ተቀምጦ የዘፈነው የመጀመሪያው ጥቁር ካውቦይ የእኛው ሰው ነው፤ የኢትዮጵያ ደም አለበት» ብሎ ተናገረ። ሌላው፣ «እናንተ ደግሞ ዝነኛ ሰው ባያችሁ ቁጥር የቅድመ አያቱን አገር ትፈልጋላችሁ» ብሎ ሳቀበት። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። ይሁን እንጂ ሰውየው በሕይወቱ ምን እንደ ሠራ ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ነገሩ ስለ ቆጨኝ በማግሥቱ ፈልጌ ያገኘሁትንና በበኩሌ የመሰለኝን ለእኅቶቼና ለወንድሞቼ ላቀርብ ተነሣሁ። ዓመቶቹን የጻፍሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሰውየው ኸርብ ጄፍሪስ ይባላል። በ1913 በዲትሮይት ከተማ ተወለደ። እናቱ የአየርላንድ ዘር ያላት ነጭ ሴት ነበረች፤ አባቱን ግን አላወቀውም። በአባቱ በኩል የሲሲሊም የኢትዮጵያም ደም እንዳለበት ይነገራል። ጓደኛዬ የያዘው ይህንኑ ነው። መልኩም እኛ «ቀይ» የምንለው ዓይነት ነበር። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጄፍሪስ ሥራውን የጀመረው በዘፈን ነው። ገና በወጣትነቱ ወደ ቺካጎ ሄዶ ከታወቀው የኧርል ሃይንስ የጃዝ ኦርኬስትራ ጋር ዘፈነ፤ በ1934ም ድምፁ በሸክላ ተቀረጸ። ኦርኬስትራው ወደ ደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ሲዞር እርሱም አብሮ ዞረ። በዚያ ዘመን በእነዚያ ግዛቶች ጥቁር ሰው ነጮች በሚገቡበት ሲኒማ ከነጮች ጋር አይቀመጥም ነበር፤ ወይ ሰገነት ላይ ይወጣል፣ ወይ ለጥቁሮች ብቻ ወደ ተለየች ቆርቆሮ ክዳን ቤት ይሄዳል። ጄፍሪስ እነዚያ ቤቶች በጥቁር ሕዝብ ተሞልተው፣ ሕዝቡም ስለ ነጭ ካውቦይ ሲያጨበጭብ አየ። አንድ ቀን ደግሞ ሲያለቅስ ያገኘው ጥቁር ሕፃን እንደ ነበር ይናገር ነበር። ልጁ በጨዋታ ዝነኛውን የፊልም ካውቦይ ቶም ሚክስን ልሁን ሲል፣ ጓደኞቹ «ቶም ሚክስ ጥቁር አይደለም» ብለው ከልክለውት ነበር።

ይህን ሳነብ የራሴ ልጅነት ትዝ አለኝ። በሰፈራችን ልጆች ከቪዲዮ ቤት ወጥተን የእንጨት ሽጉጥ ይዘን ስንጫወት፣ «አክተር» የሚሆነው ሁልጊዜ ቀዩ ልጅ ነበር። አክተር ደግሞ አይሞትም። እኔ ጠቆር ስለምል ወንበዴ እየሆንሁ፣ በየቀኑ እየተገደልሁ አደግሁ። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ያየነውን ነው የደገምነው።

የሚያስገርመው ግን ፊልሙ የሚያሳየው ታሪክ ራሱ እውነት አለመሆኑ ነው። ባርነት በ1865 በሕግ ከተሻረ በኋላ ከቴክሳስ ወደ ሰሜን የከብት መንጋ ከነዱት ሰዎች ብዙዎቹ ነፃ የወጡ ጥቁሮች ነበሩ። ከአራቱ ካውቦይ አንዱ ጥቁር ነበር ብለው የሚገምቱ የታሪክ ሰዎች አሉ። ሥራው አቧራ፣ ጥማትና ትንሽ ደመወዝ ያለበት የእረኝነት ሥራ ነበር። ሲኒማ ይህን እረኛ ወስዶ ነጭ ባርኔጣ ደፋለት፤ ሽጉጥ አስታጠቀው። በ1935ም ጂን ኦትሪ የሚባለው የራዲዮ ዘፋኝ ዋና ተዋናይ ሆኖ ሲወጣ፣ እረኛው ጊታርም ጨመረ። ጥቁሩ እረኛ ግን ከሥዕሉ ወጣ።

ጄፍሪስ ጥቁር ዘፋኝ ካውቦይ በፊልም እንዲታይ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ሲፈልግ ቆይቶ፣ ርካሽ ፊልሞች የሚሠራውን ጄድ ቡዌልን አገኘ። በ1937 «ሃርለም ኦን ዘ ፕሬሪ» ወጣ፤ ተዋንያኑ ሁሉ ጥቁሮች የሆኑበት፣ ድምፅ ያለው የመጀመሪያው የካውቦይ ፊልም ይኸው ነው። ከዚያም በ1938 አንድ፣ በ1939 ሁለት ተጨመሩ፤ ከነዚህ አንዱ «ዘ ብሮንዝ ባካሩ»፣ ማለት «ባለ ነሐስ መልኩ ካውቦይ» ነው፤ ስሙም ለጄፍሪስ ቅጽል ሆኖ ቀረ። ፊልሞቹ በካሊፎርኒያ ቪክተርቪል አጠገብ፣ ጥቁር ባለቤት ባለው የእንግዶች እርሻ ተነሡ። ጄፍሪስ ስታርደስክ የሚባል ፈረስ እየጋለበ፣ ፎር ቶንስ ከሚባሉት አራት ዘፋኞች ጋር ይዘፍናል፤ በመጨረሻም ወንበዴውን ድል ያደርጋል። አይሞትም።

እነዚህ ፊልሞች ታላቅ ጥበብ ናቸው አልልም። በጥድፊያና በጥቂት ገንዘብ የተሠሩ ናቸው፤ ታሪካቸውም ከነጮቹ ፊልም የተቀዳ ነው። «ሃርለም» የሚለውም ስም ለማስታወቂያ ነው እንጂ፣ በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ በወረረችን ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ ሰልፍ የወጣው የኒውዮርኩ ሃርለም ከከብት እርሻው በሺሕ የሚቆጠር ማይል ይርቃል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ጄፍሪስ ለጥቁር ካውቦይነት መልኩ እጅግ ቀይ ነው ተብሎ ፊቱን በቀለም አጠቆሩት፤ ባርኔጣውንም ከራሱ እንዳያወርድ ተደረገ። ጥቁር ሕፃናት ጀግና ያጡት በቀለም ምክንያት ነበር፤ ጀግናው ሲመጣም በቀለም ተቀብቶ መጣ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጉድለት ካለው ስለ ምን እጽፋለሁ? ስለ አንድ ነገር ነው። በመልኩ ምክንያት ጄፍሪስ ሌላ በር ነበረው። ጥቁር ነኝ ሳይል በሌላ ዘር ስም ቢገባ፣ በዚያ ዘመን ሆሊውድ እንጀራው ይሰፋለት ነበር። እርሱ ግን ያን በር ትቶ በቆርቆሮ ቤት ለተቀመጡት ሠራ። ከዚያም በኋላ ከዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ ጋር ሆኖ በ1940 መጨረሻ «ፍላሚንጎ»ን በሸክላ አስቀረጸ፤ ታላቅ ዝናም አገኘ። በ1941 ደግሞ በሎስ አንጀለስ የኤሊንግተን «ጃምፕ ፎር ጆይ» በተባለው፣ ጥቁርን መሳቂያ የሚያደርገውን የመድረክ ልማድ በተቃወመው ትርዒት ተካፈለ። በ1995 ዕድሜው ከሰማንያ ካለፈ በኋላ ወደ ካውቦይ ዘፈን ተመልሶ አልበም አወጣ። በ2004 ስሙ በሆሊውድ የዝነኞች መንገድ ላይ ተቀረጸ፤ በ2014 በመቶ ዓመቱ ዐረፈ።

አንዳንድ ጓደኞቼ፣ «የነጭን ባርኔጣ በጥቁር ራስ ላይ መድፋት ነፃነት አይደለም፤ ቅጂ ነው» ይላሉ። ክርክሩ ጥሩ ነው፤ እኔም ግማሹን እቀበላለሁ። የራስን ታሪክ በራስ መልክ መናገር ከቅጂ ይበልጣል። ነገር ግን ያ የሚያለቅሰው ሕፃን የሚጠብቀው የጥበብ ንድፈ ሐሳብ አልነበረም፤ በማግሥቱ በጨዋታ ማን እንደሚሆን ነበር። ደግሞስ ቅጂውን ለሠሩት ትምህርት ሆኗቸዋል። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የተወነውና በድርሰቱም የተካፈለው ስፔንሰር ዊልያምስ፣ በ1941 «ዘ ብለድ ኦቭ ጂሰስ» የሚባለውን ፊልም ራሱ ደርሶ ራሱ አዘጋጅቷል። መጀመሪያ በሰው ፈረስ ላይ መቀመጥን የተማረ፣ ኋላ የራሱን ይገራል።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን ልመለስ። ጓደኛዬ የጄፍሪስን የኢትዮጵያ ደም ሲቆጥር ደስ ይለዋል፤ ደስታውን አልነፍገውም። ግን ደሙ ስንት እጅ እንደሆነ ብናውቅ ምን እናተርፋለን? ሰውየው ምን ያህሉ ጥቁር እንደሆነ የሚለኩትን ሰዎች ዕድሜውን ሙሉ ሲጋፈጥ ኖሯል፤ እኛም ሌላ ሚዛን ይዘን ልንጨመርበት አይገባም። ወገን የሚያደርገን የመረጠው ነገር ነው። እኛስ በዕረፍት ወደየሰፈራችን ስንመለስ፣ ልጆች ሲጫወቱ አክተር የሚሆነው የቱ ልጅ እንደሆነ አይተን እናውቃለን? ተረታችንን፣ አርበኞቻችንን፣ ከብት ነጂዎቻችንን በሥዕልም በፊልምም ልናወጣ የምንችል እኛ የተማርነው ካልሆንን ማንን እንጠብቃለን?

ስለሆነም ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚቀጥለው የፊልም ማታ «ዘ ብሮንዝ ባካሩ» ይታይ፤ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ብዙ አይፈጅም። የሚስቅ ይሳቅ፤ የሚያስቅም አለው። ከዚያ መብራቱ በርቶ ክርክሩን እንቀጥል። እኔ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፤ ወንበዴ መሆን ሰልችቶኛል።