የልጆቻችን ፕሮጀክት በማን እጅ እየተሠራ ነው?



ልጅ ማታ ከመድረሳ ተመልሳ «ነገ የማስረክበው ፕሮጀክት አለብኝ» ስትል በብዙዎቻችን ቤት የሚሆነውን እናውቀዋለን። እናት ወደ ጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ትሮጣለች፤ ፎሙ፣ ካርቶኑ፣ ኮላውና ቀለሙ ይገዛል። ጊዜ ከሌለ ደግሞ ተሠርቶ ያለቀለትም ይገኛል። በትምህርት ቤቶች አካባቢ ሞዴሉንም፣ ሥዕሉንም፣ ሪፖርቱንም አዘጋጅተው በክፍያ የሚያስረክቡ ሱቆች አሉ። ልጅቷ በማግስቱ ስሟን ጽፋበት ታስረክባለች፤ ማርክ ይሰጣታል። ወላጅ ገንዘቡን ከፍሏል፤ መምህሩ የማርክ ቅጹን ሞልቷል፤ ልጅቷ ግን ምንም አልሠራችም።

ይህን እንደ ትንሽ ነገር ማለፍ የማይገባን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የአማና ጉዳይ ነው። ሰው ያልሠራውን «እኔ ሠራሁት» ብሎ ማቅረብ ውሸት ነው፤ ልጆቻችንን ውሸት የምናስተምራቸው ደግሞ ከኪሳችን እየከፈልን ነው። ሁለተኛው ከነገ እንጀራቸው ጋር የተያያዘ ነው።

ፕሮጀክት ለምን መጣ?

ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ወደ ሥራ የገባው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባትን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጓል። ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎችም የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ተጨምሯል። ሐሳቡ ተማሪ በእጁ እንዲሠራ፣ ከአካባቢው እንዲማር፣ ከሥራ ዓለም ጋር ቀድሞ እንዲተዋወቅ ነው።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ የ12ኛ ክፍል ውጤት በግልጽ ይነግረናል። ሀገር አቀፍ ፈተናውን ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ እየተሻሻለ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ሆኖም በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት የማለፊያ ነጥቡን አላገኙም። ለእነዚህ ልጆች በእጅ መሥራት፣ ሰው ማስተባበርና መነገድ ሊቀርም ሊኖርም የሚችል ተጨማሪ ትምህርት አይደለም። ከሱቅ የተገዛ ፕሮጀክት የሚነጥቃቸውም ይህንኑ ነው።

ጥበብ፦ ከእኛው ቤት ያለ ሀብት

በኪነ ጥበብ ትምህርት ብዙ ሙስሊም ወላጆች ይቸገራሉ። ሕይወት ያላቸውን ፍጥረታት ስለመሣልና ስለ ሙዚቃ ዑለማዎች የተናገሩትን ስለሚያውቁ፣ አንዳንዶቹ ልጃቸው ሥራውን ጨርሶ እንድትተወው ይነግሯታል፤ ማርኳን ታጣለች። ሌሎቹ ደግሞ ዝም ብለው ያልፋሉ፤ ልጅቷ በልቧ ተከፍላ ትቀራለች። ሁለቱም መፍትሔ አይደሉም። መምህሩን በአክብሮት ማነጋገርና ሌላ ሥራ እንዲሰጣት መጠየቅ ይቻላል። የሚተካው ሥራም በደጃችን ሞልቷል።

የሐረር ሴቶች ስፌት ላይ ያለውን ቅርጽ እንመልከት። ሦስት ማዕዘኑ፣ አራት ማዕዘኑ፣ የቀለሙ አደራደር ሁሉ በቁጥር የሚሄድ ሒሳብ ነው። አንዲት ተማሪ አክርማና ስንደዶ ይዛ ከአያቷ ወይም ከጎረቤት እናት ትንሽ ስፌት መስፋት ብትማርና ዙሩ ሲጨምር ስንት ስፌት እንደሚጨምር መዝግባ ብታቀርብ፣ ጥበብም ሒሳብም ታሪክም በአንድ ላይ ሠራች ማለት ነው። በሐረር የሸሪፍ ሙዚየም የተጠበቁት የእጅ ጽሑፍ ቁርኣኖችም አሉልን። አባቶቻችን ከጥላሸት ቀለም አዘጋጅተው፣ ከሸምበቆ ብዕር ቀርጸው በሉህ ላይ ይጽፉ ነበር። አንድ ተማሪ ይህን ቀለም ራሱ አዘጋጅቶ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ስሙን በዐረብኛና በአማርኛ ቢጽፍ ለፎምና ለኮላ የሚያወጣው ብር የለም። የወሎ ልጅም የአካባቢውን መንዙማ ከአዛውንቶች አንደበት ሰምቶ፣ ግጥሙን ጽፎና ቃላቱን ፈትቶ ማቅረብ ይችላል።

ማኅበረሰብ፦ መስጂዱ እንደ መማሪያ ክፍል

የማኅበረሰብ ፕሮጀክት ሲባል ብዙ ጊዜ የምናየው ከኢንተርኔት የተገለበጠ ስለ አካባቢ ጽዳት የሚያወራ ወረቀት ነው። እኛ ግን አንድ ቀላል ሥራ እንጠቁም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ፣ ማለትም አንድ ሊትር በማይሞላ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ተማሪዎች ባልዲ ይዘው በሰፈራቸው መስጂድ የአንድ ሰው ውዱእ ከቧንቧ ስንት ሊትር እንደሚያስወጣ ይለኩ። ያገኙትን በሰጋጁ ቁጥር አባዝተው ከጁሙዓ በኋላ ለመስጂዱ ኮሚቴ ያቅርቡ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ የሚያሳፍርም የሚያስተምርም ቁጥር ይሆናል።

እድራችንም ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ገንዘቡ በወር እንዴት ይሰበሰባል? ሰው ሲሞት በስንት ሰዓት ውስጥ ድንኳኑና ወንበሩ ይደርሳል? ያልከፈለ ችግረኛ እንዴት ይታያል? ሐረር ውስጥ አፎቻ፣ በሌላ ቦታ እድር የሚባለው ይህ አደረጃጀት ሰውን የማስተባበር ብልሃት ነው። ልጆቻችን ይህን ጠይቀው ሲጽፉ ሙስሊም ጎረቤታቸውን ብቻ ሳይሆን ክርስቲያን ጎረቤታቸውንም ሊጠይቁ ይገባል። የጎረቤት ሐቅ ሃይማኖት እየለየ የሚከፈል አይደለም፤ የሐዘን ድንኳንም የጋራችን ነው።

ንግድ፦ «ገበያው የት ነው?»

ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መዲና ሲገቡ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። የአንሷሩ ወንድማቸው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) የሀብታቸውን እኩሌታ ሊሰጧቸው ሲሉ፣ ዱዓ አድርገውላቸው የጠየቁት ገበያው የት እንደሆነ ብቻ ነበር። በአይብና በቅቤ ጀመሩ፤ ከሶሓቦች ባለጸጎች አንዱም ሆኑ። የአነስተኛ ንግድ ፕሮጀክት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የረመዳን ሳምቡሳን እንውሰድ። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ለሁለት ሳምንት ከአስር በኋላ ሳምቡሳ ልትሸጥ አሰበች እንበል። አባቷ 2,000 ብር መነሻ ሰጥተዋት ትርፉን እኩል ለመካፈል ተስማሙ። ይህ በፊቅህ ሙዷረባ የሚባለው ነው፤ ካፒታል ከአንዱ፣ ሥራ ከሌላው። ዱቄቱ፣ ምስሩ፣ ዘይቱና ከሰሉ ተቀንሶ መጨረሻ ላይ 2,600 ብር እጇ ላይ ቢገኝ፣ 600 ብሩ ትርፍ ነው፤ 300 የአባት፣ 300 የእርሷ። ከስራ 1,700 ብር ብቻ ቢተርፋትስ? ቸልተኝነት እስካልፈጸመች ድረስ የጎደለው 300 ብር የአባት ኪሳራ ነው፤ የእርሷ ኪሳራ ድካሟ ነው። ልጅቷ በዚህ አንድ ሥራ ወጪና ገቢ መመዝገብን፣ ውልን፣ በወለድና በትርፍ ክፍፍል መካከል ያለውን ልዩነት ታውቃለች። ዘይቱን ከእናቷ ጓዳ እየቀዳች ወጪ ውስጥ ካላስገባችው ግን ትርፉ የእናቷ ገንዘብ ነው፤ ይህንም ልንነግራት ይገባል።

ሀገራችን ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮችን ያገኘችው ዘምዘምና ሂጅራ በ2013 ዓ.ም ሥራ ሲጀምሩ ነው። ማኅበረሰባችን ለዚህ ለዓመታት ሲጠይቅ ኖሯል። ነገር ግን ሙራበሓንና ሙዷረባን ለይቶ የሚያውቅ፣ መዝገብ የሚይዝ ወጣት ካላፈራን ባንኩ ደጃችን ቆሞ እኛ ደንበኛ ከመሆን አናልፍም።

ምን እናድርግ?

«ፕሮጀክት ድሃውን ወላጅ አስጨነቀ» የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ ልናቃልለው አንችልም። ስለዚህ ወላጆች በወላጅ መምህር ስብሰባ ላይ ሁለት ነገር እንጠይቅ። ሥራው በአካባቢ በሚገኝ ነገር እንዲሠራ፤ ማርኩም ለጌጡ ሳይሆን ልጁ ቆሞ ለሚሰጠው ማብራሪያ እንዲሰጥ። መምህር ሁለት ጥያቄ ከጠየቀ ከሱቅ የተገዛው ወዲያው ይታወቃል። ክፍሉ ሰባና ሰማንያ ተማሪ በሚይዝበት ቦታ ደግሞ በቡድን ማሠራት ይቻላል።

የመስጂድ ኮሚቴዎች ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ክፍል ይክፈቱ። ልብስ ሰፊው፣ አናጺው፣ የሒሳብ ባለሙያው ለአንድ ሰዓት ልጆችን ያግዙ፤ ይህም ሰደቃ ነው። እኛ ወላጆች ደግሞ የልጃችን ሥራ ቢንጋደድም እንዳለ ይቅረብ እንበል። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ንጉሥ ሆነው ሳለ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ሰባት ተሰጥቶት በእጁ የሠራ ልጅ፣ አሥር ተሰጥቶት ከገዛው ይበልጣል።

አላህ ልጆቻችንን በእውቀትም በእጅ ሥራም ይባርክልን። አሚን።