የሞተው ግሪሳና የተረፈው ማሽላ

ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ የምትገኘው ሁርሶ ስሟ የታወቀው በጦር ማሠልጠኛዋ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው የሌላ ሠራዊት ነገር ነው፤ ይኸውም ባለ ቀይ መንቁሩ ግሪሳ ነው። እንደ ሁርሶ ያለ ቆላ፣ እሾሃማ ግራርና የሣር ፍሬ የሞላበት፣ በአጠገቡም ማሽላ የሚዘራበት ምድር ለዚህ ወፍ እጅግ የተመቸ ነው።

የአንዱ ክብደት 20 ግራም ቢሆን ነው። ይሁንና በመብላትም በማራገፍም በቀን እስከ 10 ግራም እህል ስለሚያጠፋ፣ አንድ ሚሊዮኑ በአንድ ቀን 100 ኩንታል ያጠፋል ማለት ነው። ገበሬው ይህን ሒሳብ ሳይጽፈው ያውቀዋል። ማሽላው ወተት መያዝ ከጀመረ ወዲያ ከንጋት እስከ ምሽት ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚወረውረው ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው፤ በዚያም ወራት ትምህርቱ ይቀርበታል።

ለብዙ ዘመን መድኃኒት ሆኖ የቆየው መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከአንበጣው ጋር ግሪሳንም ስለሚከላከል፣ ወፎቹ በሚያድሩበት ሥፍራ ላይ ማታ በአይሮፕላን መርዝ ይረጫል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው፤ ይህን ያህል ሚሊዮን ወፍ ሞተ ይባላል። በእኛ አስተያየት ግን ይህ ቁጥር ስለ ገበሬው ጎተራ የሚነግረን ነገር የለም።

ስለ ምን ቢሉ፣ የግሪሳን የልደትና የሞት ሒሳብ እንመልከት። ሴቲቱ በአንድ ጊዜ 3 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ በ10 ወይም በ12 ቀን ይፈለፈላል፤ ጫጩቱም በሁለት ሳምንት ገደማ ከጎጆው ይወጣል። ዝናቡን ተከትላ ወደ ሌላ አገር በመሄድ በዚያው ዓመት ዳግመኛ ልትፈለፍል ትችላለች። በአንጻሩ ከአዋቂዎቹ ግማሽ ያህሉ በየዓመቱ ይሞታሉ። ከገዳዮቹም አንዱ ማንም የማይጠረጥረው ዝናብ ነው። በበጋ መሬት ላይ የረገፈው የሣር ፍሬ ዝናቡ ሲገባ በአንድነት ይበቅልና ለወፉ የሚለቅመው ይጠፋል፤ አዲሱ ሣር እስኪያፈራ ድረስ ረኀብ ነው። እንግዲህ ከዚህ ረኀብ በፊት በመርዝ ከሞተው ብዙው ያለ መርዝም ሟች ነበር፤ ድርሻውን ለተረፉት ትቶ ሄደ እንጂ። በደቡብ አፍሪካ ግሪሳ በየዓመቱ በአሥር ሚሊዮኖች እየተገደለ ዘሩ አልመነመነም።

ታዲያ ከዚህ ተነሥቶ የዱር ፍጥረት ሁሉ ቢገደል ይተካል የሚል እንዳይኖር እንሰጋለን። ሁርሶ የዓሣ አገር አይደለችምና ምሳሌውን ከጣና እናመጣለን። በዚያ ሐይቅ ሊቃውንት ላቤኦባርበስ የሚሏቸው ዓሣዎች አሉ፤ ብዙዎቹ በሌላው ዓለም አይገኙም። እድገታቸው አዝጋሚ ነው። ለመራባት የሚደርሱት ከዓመታት በኋላ ሲሆን፣ ከእነርሱም አያሌዎቹ በክረምት በጉማራና በሌሎቹ ወንዞች አፍ ተሰብስበው ሽቅብ ይወጣሉ። መረቡም የሚጠብቃቸው እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ባላቸው ጀልባዎች የማስገር ሥራ ከተጀመረ ወዲህ፣ በ1990ዎቹ ዓመታት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓሣዎች ብዛት በክብደት ሲመዘን ሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሰ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ወላጁ ሳይወልድ ተይዟልና ማን ይተካው?

በግሪሳው መርዝም የዓሣው ዕጣ የሚደርስባቸው ወፎች አሉ። የተመረዘውን ግሪሳ የሚበሉት ጭልፊቶች፣ ንስሮችና ጉጉቶች አብረው ይሞታሉ፤ እነዚህ ደግሞ እንደ ግሪሳው በፍጥነት የሚተኩ አይደሉም። የወደቀውን ወፍ ለቅሞ ለምግብ የሚያውል ሰው ካለ አደጋው ለእርሱም ነው።

መርዙ ፈጽሞ ይቅር አንልም። ትልቅ መንጋ ወተት ከያዘ ማሳ አጠገብ የሰፈረ እንደሆነ፣ ለዚያ ማሳ፣ ለዚያ ሳምንት ሊጠቅም ይችላል። ከዚያ ውጭ ግን ገንዘቡ ቶሎ ለሚደርስ ዘር ቢውል፣ ጎረቤታሞችም በአንድ ጊዜ ቢዘሩ፣ ወፉ ሲመጣ ጉዳቱ በአንድ ሰው ማሳ ላይ ብቻ አይወድቅም። አንዳንዱ ቀይ ማሽላ ምሬት ስላለው ግሪሳው ሌላ ካገኘ አይመርጠውም፤ እርግጥ ነው፣ ባለቤቱም ለእንጀራ እምብዛም አይወደው። የደረሰውን ሳይውል ሳያድር ማጨድም አለ።

ርጭት የሚያዙት ሹማምንት በሚቀጥለው ጊዜ ሪፖርታቸውን ሲጽፉ፣ ከሞተው ወፍ ብዛት አጠገብ ከየትኛው ቀበሌ ስንት ኩንታል ማሽላ እንደ ተረፈ ቢጨምሩበት እንወዳለን።